ሆላንድኛና ጆርጅኛ፤ የሚከብደው ለማን ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ስም የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ ሁለት ቋንቋዎች ነው። አንደኛው ሆላንድኛ፣ ይኸውም ብዙ ሰው ደች የሚለው ነው። ሁለተኛው ጆርጅኛ ነው። ጆርጂያ ስንል በአሜሪካ ያለውን ክፍለ ሀገር ሳይሆን፣ ከጥቁር ባሕር በስተ ምሥራቅ በካውካሰስ ተራሮች ሥር ያለችውን፣ ሕዝቧ ሳካርትቬሎ እያለ የሚጠራትን ጥንታዊት አገር ማለታችን ነው። ቋንቋውንም የአገሩ ሰዎች ካርቱሊ ይሉታል።

ምናልባት «እነዚህን ሁለቱን ምን አገናኛቸው?» የሚል ከመካከላችሁ ይኖር ይሆናል። በእርግጥ ዝምድና የላቸውም። የመረጥናቸውም ስለዚሁ ነው። ሆላንድኛ እዚህ ትምህርት ቤት ለዓመታት ስንማረው የኖርነው የእንግሊዝኛ የቅርብ ዘመድ ነው። ጆርጅኛ ግን በአካባቢው ከሚነገሩት ከሜግሬልኛ፣ ከላዝኛና ከስቫንኛ በቀር ዘመዱ የታወቀ አይደለም። አዲስ ቋንቋ ለመጀመር የሚያስብ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ «ቀላሉ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እኛም በበኩላችን ይህን ጥያቄ በሁለቱ ቋንቋዎች ላይ ልንፈትነው አሰብን። ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ መንግሥት ሥር ለዲፕሎማቶች የውጭ ቋንቋ የሚያስተምር ተቋም አለ። ይህ ተቋም እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው በአንድ ቋንቋ ሥራውን ለማከናወን እስኪችል ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት ከልምዱ ተነሥቶ ቋንቋዎችን በየደረጃቸው መድቧል። ሆላንድኛ ከቀላሎቹ ተርታ ነው፤ 24 ሳምንት ያህል ይበቃዋል። ጆርጅኛ ግን ከከባዶቹ ተመድቦ 44 ሳምንት፣ ማለትም 1100 የክፍል ሰዓት ያህል ይፈልጋል። እንግዲህ ጉዳዩ በዚህ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ጆርጅኛ በተመደበበት ተርታ ውስጥ ሌላ አንድ የምናውቀው ቋንቋ ተጽፎ ይገኛል፤ እርሱም አማርኛ ነው።

እስቲ ይህን እናስተውለው። ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ገና በሦስት ዓመታቸው ሲያወሩበት የሚውሉት ቋንቋ ለአሜሪካዊው ዲፕሎማት የ1100 ሰዓት ድካም ነው። ስለዚህ «ከባድ» የሚለው ቃል በቋንቋው ላይ የተለጠፈ ስም አይደለም፤ ተማሪው ከተነሣበት ቦታ እስከ ቋንቋው ድረስ ያለው ርቀት ነው። ሌላ ሰው ከቤቱ ደጃፍ የለካውን መንገድ እኛ ከቤታችን እንደ ተለካ አድርገን ብንቀበለው አንገኝበትም። የራሳችንን መንገድ ራሳችን መለካት አለብን።

አስቀድመን ወደ ሆላንድኛ እንሂድ። ይህን ቋንቋ በኔዘርላንድ፣ በሰሜናዊው የቤልጅግ ክፍልና በደቡብ አሜሪካ ባለችው በሱሪናም 24 ሚሊዮን ያህል ሰው ይናገረዋል። በደቡብ አፍሪካ የሚነገረው አፍሪካንስም ከሆላንድኛ የተወለደ ነው። እንግሊዝኛ የተማረ ሰው ሆላንድኛን ሲያይ ብዙ የሚያውቃቸው ፊቶች ይቀበሉታል። ውሃ «ዋተር»፣ እጅ «ሃንት»፣ መጽሐፍ «ቡክ»፣ ወተት «ሜልክ» ይባላል። እንግሊዝኛም ከሆላንድኛ የተበደረው አለ፤ አለቃ ለማለት «ቦስ» የምንለው ቃል ከሆላንዶች «ባስ» የመጣ ነው። የኒው ዮርክ ከተማም እንግሊዞች በ1664 እስኪይዟት ድረስ ኒው አምስተርዳም ትባል ነበርና፣ በዚያ የሚገኙት የሐርለምና የብሩክሊን ሰፈሮች ስማቸውን ያገኙት ከሆላንድ ከተሞች ነው።

ሆኖም ዘመድ ሁሉ አይታመንም። «ስሊም» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ቀጭን ማለት ሲሆን በሆላንድኛ ብልህ ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ሆላንዳዊ ስሊም ብሎ ቢያመሰግናችሁ ከስታችኋል ማለቱ አይደለምና ምግብ ለመጨመር አትቸኩሉ።

ስለ ዐረፍተ ነገሩ አሠራር ደግሞ እንመልከት። በሆላንድኛ ዋና ዐረፍተ ነገር ውስጥ ግሡ ሁልጊዜ ሁለተኛውን ቦታ ይይዛል። «ነገ ወደ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ» ለማለት ቃል በቃል «ነገ እሄዳለሁ እኔ ወደ ትምህርት ቤት» ይላሉ። ነገር ግን ዐረፍተ ነገሩ በሌላ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ግሡ ቦታውን ይለቅና ወደ መጨረሻ ይሄዳል። «መጽሐፍ እንደሚያነብ አውቃለሁ» ለማለት «ኢክ ዌት ዳት ሄይ ኧን ቡክ ሌስት» ይላሉ፤ «ሌስት» ማለት ያነባል ማለት ነው፤ ያለውም ከሁሉ በኋላ ነው። እንግሊዞች በዚህ በጣም ይቸገራሉ። እኛ ግን ግስን በመጨረሻ ማስቀመጥ ከእናታችን የተማርነው ስለ ሆነ በዚህ ቦታ ከእንግሊዙ ይልቅ እንቀርባለን።

አስቸጋሪውም ነገር አለ። ስሞች ሁሉ «ደ» ወይም «ሄት» የሚል ምልክት በፊታቸው ይይዛሉ፤ የትኛው ስም የትኛውን እንደሚይዝ አብዛኛውን ጊዜ በቃል ከማጥናት በቀር መንገድ የለም። በጉሮሮ የሚነገረው «ኸ»ም ጠንከር ያለ ነው፤ ትግርኛ ወይም ዓረብኛ የሚያውቅ ተማሪ ግን አይፈራውም። ቁጥርንም ከኋላ ይጀምራሉ፤ 21ን «አንድ እና ሃያ» ይላሉ። የስልክ ቁጥር ለመጻፍ የሚቸኩል ሰው ይህን መልመድ አለበት።

አሁን ወደ ጆርጅኛ እንሻገር። የሚናገረው ሕዝብ 4 ሚሊዮን ያህል ነው። ፊደሉ የራሱ ነው፤ ለዘመናት በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሲወርድ ሲወራረድ መጥቷል። ዩኔስኮም በ2016 የእነዚህን ሦስት አጻጻፎች ባህል በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ዛሬ የሚሠራበት ፊደል 33 ሆሄያት አሉት። ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚባል ነገር የለውም፤ እንደ ተጻፈ ይነበባል። ለአውሮፓዊው ተማሪ የመጀመሪያው ድንጋጤ ይህ ፊደል ነው። ነገር ግን ከ33 ሆሄያት በሰባት በሰባት ተባዝቶ 231 የሆነውን ፊደል ገና በልጅነቱ ያጠና ሰው በ33 ምልክቶች ሊደነግጥ ይገባዋልን?

ሁለተኛው የአውሮፓዊው ድንጋጤ ድምፁ ነው። ጆርጅኛ በጉሮሮ ታግተው የሚፈነዱ ድምፆች አሉት። እንግሊዛዊው ለወራት ይታገላቸዋል። እኛ ግን ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ እንላቸዋለን። ኦሮምኛ ተናጋሪ ጓደኞቻችንም እነዚህን መሰል ድምፆች በቤታቸው ያውቋቸዋል። በጆርጅኛ «ካሪ» ማለት ነፋስ ነው፤ «ቃሪ» ማለት ደግሞ በር ነው። ለእንግሊዛዊው ጆሮ ሁለቱ አንድ ናቸውና በሩን ዝጋ ሲሉት ነፋሱን የሚፈልግ ይመስላል። «ከረመ»ንና «ቀረመ»ን ለይቶ ለሚሰማ ሰው ግን ይህ ጨዋታ ነው።

ሦስተኛው ነገር ግሡ ነው። የሰዋስው መጻሕፍት የጆርጅኛ ግስ አድራጊውንም ተደራጊውንም በአንድ ቃል ውስጥ ይሸከማል ብለው እንደ ተአምር ይነግሩናል። «ግናኼ» ማለት «አየሁህ» ነው፤ «ምናኼ» ማለት ደግሞ «አየኸኝ» ነው። ሆላንዳዊው ግን «ኢክ ዛኽ ያው» ብሎ ሦስት ቃል ይጠቀማል። አሁን «አየሁህ» የሚለውን የራሳችንን ቃል ቁጠሩት፤ አንድ ነው። ተአምሩ ከእኛም ቤት አለ ማለት ነው። እንዲሁም «ማጊዳ» ጠረጴዛ ሲሆን «ማጊዳዜ» ጠረጴዛ ላይ ማለት ነው፤ «ላይ»ን ከስሙ በኋላ ማምጣት ለእኛ እንግዳ አይደለም።

አክብሮትንም እንጨምር። እንግሊዝኛ ለልጅም ለሽማግሌም አንድ ቃል ብቻ አለው። ሆላንዶች ግን ለባልንጀራ «የይ»፣ ለሚከበር ሰው «ዩ» ይላሉ። ጆርጅያውያንም «ሼን» እና «ትክቬን» ብለው ይለያሉ፤ ከዚያም አልፈው ሰውየውን በአባቱ ስም ሳይሆን በራሱ ስም «ባቶኖ ጊዮርጊ» ብለው ይጠሩታል። እኛም «አቶ ጊዮርጊስ» እንላለን። አንተና እርስዎን የሚለይ ሰው በሁለቱም አገር ነውር አይሠራም።

ነገር ግን ጆርጅኛን ቀላል ነው ብለን ብንነግራችሁ ማታለል ይሆንብናል። አናባቢ ሳይገባባቸው የሚደራረቡ ድምፆች አሉት፤ አሠልጣኝ ለማለት «ምጽቭርትኔሊ» ሲሉ ከመጀመሪያው አናባቢ በፊት ስድስት ድምፆች ይሰለፋሉ። እኛም በሳድስ ልማዳችን በመካከላቸው ትንሽ ትንፋሽ ልንጨምርባቸው እንፈልጋለን፤ ይህን ልማድ መተው ግድ ነው። ከዚህም በቀር አድራጊው እንደ ጊዜው መልኩን ይለውጣል። ሰውየው ደብዳቤ ይጽፋል ሲሉ ሰውየው «ቃትሲ» ነው። ጻፈ ሲሉ «ቃትስማ» ይሆናል። ጽፎ ኖሯል ሲሉ ደግሞ «ቃትስስ» ይባላል። በአማርኛ ሰውየው ጻፈም ይጽፋልም ያው ሰውየው ነው። በዚህ ስፍራ ሆላንድኛም እንግሊዝኛም አማርኛም አይረዱንም፤ መሥራት ብቻ ነው።

ቁጥሩም በሃያ በሃያ ይሄዳል። ሃያ «ኦትሲ» ነው፤ አርባ «ኦርሞትሲ»፣ ማለት ሁለት ሃያ ነው፤ ሰማንያ «ኦትኽሞትሲ»፣ ማለት አራት ሃያ ነው። ስለዚህ 99 ለማለት «አራት ሃያና አሥራ ዘጠኝ» ይላሉ። የሒሳብ መምህሮቻችን ሳይደሰቱበት አይቀሩም። እናቶቻችንን ደግሞ የሚያስቀው ይህ ነው፤ በጆርጅኛ «ማማ» ማለት አባት ነው፤ እናት «ዴዳ» ትባላለች።

እንግዲህ ርቀቱን በራሳችን እግር ስንለካው ምን አገኘን? ሆላንድኛ በእንግሊዝኛ በኩል ይቀርበናል፤ በቃላት ይረዳናል። ጆርጅኛ በቃላት ሩቅ ነው፤ ነገር ግን በድምፁና በግሡ አሠራር በአማርኛ በኩል ይቀርበናል። በጠቅላላው ሆላንድኛን ቶሎ እንደምናውቅ አያጠራጥርም፤ ጆርጅኛ ግን በዝርዝሩ ላይ የተጻፈውን ያህል አይርቀንም።

ሆኖም ርቀትን ማወቅ ብቻውን መንገደኛ አያደርግም። የሚበልጠው ጥያቄ «በመንገዱ መጨረሻ የሚጠብቀኝ ማን ነው?» የሚለው ነው። ይህንም ከእኛ በፊት የተማሩ ሰዎች ያስረዱናል።

ጃፓን በሯን በዘጋችበት ዘመን፣ ከ1641 ጀምሮ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በአገሩ እንዲነግዱ የተፈቀደላቸው ምዕራባውያን ሆላንዶች ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም በናጋሳኪ ወደብ ባለች ደጂማ በምትባል ትንሽ ደሴት ተወስነው ነበር። በ1771 ሱጊታ ጌንፓኩና ማኤኖ ርዮታኩ የተባሉ ሐኪሞች የሞተ ሰው አካል ሲከፈት ለማየት ሄዱ። በሆላንድኛ የተጻፈ የሰውነት ክፍሎች መጽሐፍ ይዘው ነበርና፣ ሥዕሎቹ ካዩት ጋር አንድ ሆነው አገኟቸው። የቀድሞው ትምህርታቸው ግን ከእውነቱ የራቀ ነበር። ወዲያውም መጽሐፉን ለመተርጐም ከባልንጀሮቻቸው ጋር ቃል ተግባቡ። ሱጊታ ፊደሉን እንኳ ገና አያውቅም ነበር፤ ለሥራው የሚበቃ መዝገበ ቃላትም አልነበራቸውም። ቅንድብ ከዓይን በላይ የበቀለ ጠጕር ነው የሚለውን አንድ ዐረፍተ ነገር ለመረዳት ረጅም የጸደይ ቀን ሙሉ እንደ ደከሙ ሱጊታ በሽምግልናው ጽፏል። ትርጕሙ በ1774 ታትሞ ወጣ። ከዚያም ወዲህ ብዙ የጃፓን ሐኪሞችና ሊቃውንት ሆላንድኛን ተማሩ። ለእነዚያ ሰዎች ሆላንድኛ ቀላል ነበርን? አልነበረም። ነገር ግን በሽተኛው ይጠብቃቸው ነበር።

አን ፍራንክም በ1929 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ተወለደች፤ አይሁዳውያን በመሆናቸው ወላጆቿ ሲሰደዱ በ1934 ወደ አምስተርዳም መጣች። የአፍ መፍቻዋ ጀርመንኛ ነበር። ሆላንድኛን በትምህርት ቤት ተማረች። ከ1942 እስከ 1944 ከቤተ ሰቧ ጋር ተደብቃ ስትኖር ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ማስታወሻ የጻፈችው በዚሁ በተማረችው ቋንቋ ነው። በ1945 በማጎሪያ ካምፕ ሞተች፤ መጽሐፉም በ1947 ታተመ። የተሰደደችበት አገር ቋንቋ የልቧ ቋንቋ ሆነላት። ዛሬ በኔዘርላንድ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ይህን ነገር በቅርብ የሚያውቁት ይመስለናል።

በጆርጅኛም በኩል ማርጆሪ ዋርድሮፕ የምትባል እንግሊዛዊት ነበረች። ቋንቋውን በራሷ ጥረት ተምራ በ1894 የጆርጅያን ተረቶች በእንግሊዝኛ አሳተመች። ቀጥላም ሾታ ሩስታቬሊ በንግሥት ታማር ዘመን የደረሰውን ታላቅ የጆርጅያ ግጥም ተረጐመች። በ1909 ስትሞት ሥራው አልታተመም ነበርና ወንድሟ በ1912 እንዲወጣ አደረገ። የማንም ትእዛዝ አልነበረባትም፤ እንጀራም አላገኘችበትም። በተራሮች መካከል ያለ የአንድ ሕዝብ ድምፅ ለሌላው ዓለም እንዲሰማ አደረገች፤ ጆርጅያውያንም እስከ ዛሬ ያከብሯታል።

ትንሽ ቋንቋ ወዳጅ ይፈልጋል የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በሩስያ ነገሥታት ዘመን ጆርጅኛ ከትምህርት ቤት እየተገፋ ሳለ ያኮብ ጎጌባሽቪሊ የተባለ መምህር በ1876 «ዴዳ ኤና» የሚባል የማንበቢያ መጽሐፍ አወጣ፤ የእናት ቋንቋ ማለት ነው። ልጆች እስከ ዛሬ በዚህ ስም በሚጠራ መጽሐፍ ፊደል ይቆጥራሉ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በሶቭየት ዘመን፣ ጆርጅኛ የመንግሥት ቋንቋ ነው የሚለው አንቀጽ ከአዲሱ ሕገ መንግሥት ሊወጣ ታሰበ። ሚያዝያ 14 ቀን 1978 በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች፣ ይልቁንም ተማሪዎች፣ በትብሊሲ አደባባይ ወጡ። መንግሥትም ሐሳቡን ለውጦ አንቀጹን መለሰው። እነዚያ ተማሪዎች ዕድሜያቸው ከእኛ ብዙም አይበልጥም ነበር። ቋንቋቸው በዲፕሎማቶች ዝርዝር ላይ ከባድ ተብሎ መጻፉ አላሳሰባቸውም፤ ያሳሰባቸው ልጆቻቸው ይማሩበት እንደ ሆነ ነው።

ታላቁ ቋንቋ ደግሞ ታላቅ ሆኖ አልተወለደም። በ1548 በብሩጅ የተወለደው ሲሞን ስቴቪን የሒሳብ ሊቅ ሳለ፣ ሊቃውንት ሁሉ በላቲን ሲጽፉ እርሱ ሆላንድኛ ለሳይንስ ይበቃል ብሎ ተከራከረ፤ ቃላትንም ከራሱ ቋንቋ ሠራ። ዛሬም ሆላንዳዊ ተማሪ ሒሳብን «ዊስኩንደ» ይለዋል፤ የተረጋገጠ ነገር ዕውቀት እንደ ማለት ነው። ይህ ለእኛም የሚታሰብበት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ አዲስ ቋንቋ ለመማር ለምታስቡ ወንድሞችና እኅቶች ምክራችን ይህ ነው። በኔዘርላንድ ወይም በቤልጅግ ለመማርና ለመሥራት ያሰበ ሰው በዚያ እንግሊዝኛ ይበቃኛል ብሎ አይታለል፤ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ሊጨርስ ይችል ይሆናል፤ የጎረቤቱን ሐዘንና ደስታ ግን የሚሰማው በሆላንድኛ ነው። በትብሊሲ ሕክምና በእንግሊዝኛ የሚማሩ ብዙ የውጭ አገር ተማሪዎች አሉ። ከፊታቸው የሚተኛው ሽማግሌ ግን ሕመሙን የሚናገረው በጆርጅኛ ነው። ያመመውን ስፍራ ለማወቅ የሚሻ ሐኪም 44 ሳምንት በዛብኝ ሊል አይችልም።

ስትጀምሩም አስቀድማችሁ በእጃችሁ ያለውን ቁጠሩ። ሆላንድኛን የሚጀምር እንግሊዝኛውን ይዞ ይግባ፤ ስሙንም ከነ «ደ»ው ወይም ከነ «ሄት»ው አንድ ላይ ያጥና። ጆርጅኛን የሚጀምር አማርኛውን ይዞ ይግባ፤ ፊደሉን በሁለት ሳምንት ይጨርስ፤ ጠንካሮቹን ድምፆች ከቤቱ ያምጣ፤ ትዕግሥቱን ለግሡ ያስቀምጥ። ሁለቱም ቢሆኑ በቀን ግማሽ ሰዓት ሳያቋርጡ ለሚማራቸው ይከፈታሉ፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ለሚያንኳኳ ግን ቀላል የሚባለውም በር አይከፈትም።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ወደዚህ ትምህርት ቤት ስታመጡን ብዙዎቻችን አንድ ቋንቋ ብቻ ይዘን ነበር። በዚህ ዓመት ስንወጣ ሁለትና ሦስት ይዘን ነው። የመጀመሪያው ግን ሌሎቹን ሁሉ የምንለካበት ዘንግ ስለ ሆነ ከእጃችን እንዳይወድቅ እንጠብቀዋለን። ሩቅ አገር ሄደን «ቋንቋችሁ ከባድ ነው?» ብለው ቢጠይቁን መልሳችን አጭር ነው፤ «ለማን?» እንላለን፤ ለመማር ለሚሻውም ከአጠገቡ ተቀምጠን ከ«ሀ» እንጀምርለታለን።